ቤት የሚመታው እግሩ ላይ ነው

ከጮቄ የሚወርድ የጥቅምት ነፋስ
ጎኗን ሲመታት፣ ቤቴ እንደ ፈረስ
ግራ ቀኝ ትላለች።
እናንዬ ከኋላ ሳህን ታቅፋለች፤
አንድ እጇ ሳህን ላይ፣ አንድ እጇ መስኮት፣
"ቀስ በል እንጂ!" ትላለች፤ በሠላሳ ነው የምነዳት።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ስታመላልስ
የኖረች አውቶቡስ፣
ወንበሯን ነቅለን አልጋ ያቆምንባት፣
ቡታጋዝ፣ መጋረጃ፣ በርሜል ያሰርንባት፣
መንገዱ ሲሰፋ፣ ያ ቀይ ቀለም መጥቶ
አማኑኤል ያለው ግድግዳችን ላይ ኤክሱን ትቶ
ሲሄድ የገዛናት።

ሉማሜ ጋራዥ አለ፣ ጣሪያው ግማሽ ሸራ፤
ባለቤቱ ይርሳው፣ ድሮ የቅኔ ተማሪ፣ ዛሬ ባለባሌስትራ።
ከሥሯ ገባ ተኝቶ። እግሩ ብቻ ይታያል።
በመፍቻ እየቆረቆረ ለብቻው ያወራል፦
"ቡሹ አልቋል እህቴ፤ ጎሚኒሽ ደርቋል፤
እዚህ ጋ ሁለት ቅጠል ከነአካቴው ተሰብሯል፤
አሞርዛተርሽማ ስሙ ነው የቀረው፤
መሪሽ ሦስት ጣት ልል ነው፣
እሱ ታጠፊ ሲልሽ፣ አንቺ ገና ስታስቢ ነው።"
(ከመኪናዋ ጋር ነው። እኛን አላየንም።
እኛም አላቋረጥነውም።)

ሦስት ቀን ሠራ። ከማርቆስ ቅጠል አስመጣ፣
ደረበ፣ አጠበቀ፣ ግራሶ አጠጣ፤
ጎማዎቹን በተራ በመዶሻ መትቶ፣
ነፋሳቸውን በጆሮው ሰምቶ፣
ከፊት ትንሽ ቀንሶ፣ ከኋላ ሞላና፣
"ሞክራት" አለኝ፤ ሞከርኳት፤ ያው ናት፤ ትወዛወዛለች ገና።

ያኔ ነው ቀና ያለው። ቆመ፣ አንጋጦ፣
ፖርቶመጋላው ላይ ዓይኑን አስቀምጦ፦
"እላይ ያለው ምንድነው?"
ዝም አልኩ። እናንዬ ናት የመለሰችው።
"በር ነው" አለች። "አባቴ ከዋንዛ ያሠራው።
ቆርቆሮም አለ፣ አርባ። የመስኮት ክፈፍም አለ።
መሬት ያገኘን ቀን..." ድምጿ እዚያው ዋለ።

ይርሳው እጁን በናፍጣ ታጠበ። አልሳቀም።
"ስሜ ይርሳው ቢሆንም፣ የኔታን አልረሳሁም፤
ሲያርሙን እንዲህ ነበር፦ ራሱ የከበደ
ስንኝ አይጸናም፣ ይወድቃል እንደተንገዳገደ፤
ቤት የሚመታው እግሩ ላይ ነው፤ እግሩን ፈልጉ!
እናንተ ቤት ላይ ቤት ጫናችሁ፤ እንዴት ትርጋ? እስቲ ፍረዱ።"

አወረድነው። ቆርቆሮውን ከአልጋው ሥር አስተኛን፤
በርሜሉን ከላይ ፈትተን በሁለቱ ጎማ መሃል አጋደምን፤
ክፈፉን ለሁለት ቆርጠን አስገባን በግድ።
በሩ ግን አልገባም። ቁመቱ በአንድ ክንድ
በለጠ።
ይርሳው ጋራዡን አየ፤ መግቢያው እንዳፈጠጠ፣
በሸራ የሚዘጋ። ጠየቀ ሳይጠይቅ።
እናንዬ ቆማ አየችው፤ እስኪሰቀል ድረስ፣ እስኪጠብቅ
ማጠፊያው፤ ከዚያ ሄዳ ዘጋችው፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው፤
ያው ሲጢጥታው ነው።
ገባች መኪና ውስጥ። አልተሰናበተችውም።
ይርሳው ገንዘቡን ግማሹን መለሰ፤ አልቆጠርኩትም።

የትኖራ ስንደርስ (እዚያ ታርጋ ላይ ስሙን
ሳነበው ዛሬ ሰው የጠየቀኝ መሰለኝ)
ነፋሱ መጣ በጎን፤ ያ የምናውቀው።
ጎንበስ አለች አንዴ፤ ቀና አለች፤ ያ ነው።
ሌላ የለም።
ጠረጴዛው ላይ ውሃው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልፈሰሰም።
እናንዬ ሳህኖቿን ለቀቀች። አንድ በአንድ።
እጇ የሚይዘው ቢያጣ፣ ጭኗ ላይ ተቀመጠ እንደ እንግድ።

አሁን ደጀን ነን፤ ከዓባይ አፋፍ ላይ።
ነገ እንወርዳለን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን ሳንለማመጥ፣ ፀሐይ
ሳይበረታ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል፦
መሪውን ስለቀው ወደ ግራ ትስባለች፣ ወደ ኋላ የሚያስመልስ ይመስላል።
ይርሳው ስደውልለት "ኮንቨርጀንሳው ነው" አለ፤ "ስትመለሱ አያታለሁ።"
እናንዬ ግን "ተዋት" አለችኝ። እኔም ትቻለሁ።